ነጃት ለአባዬ የላከችው ሲባጎ

እማዬዋ፣

አላህ በራህመቱ ይቀበልሽ። ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አንድ ቃል ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም። እኔና አንቺ የደብዳቤ ሰዎች አልነበርንም፤ ጠዋት ቢሮ ስገባ እኔ እደውላለሁ፣ ምሳ ሰዓት አንቺ ትደውያለሽ፣ ማታ ደግሞ የረሳነውን ለመጨረስ እንደዋወላለን። አሁን የማወራሽ ነገር ሲጠራቀምብኝ የት እንደማደርሰው ጠፋኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ጀማል ነጃትን ይዟት ሎግያ ሄዷል። ቤቱ ጸጥ ሲልልኝ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ጀማል ደህና ነው፤ ወገቡን ያመዋል፣ ሐኪም ቤት ሂድ ስለው ነገ ይላል። ነጃት ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው። የፊት ጥርሶቿ ሁለቱም ወልቀው «ሰመራ» ስትል አፏ ያፏጫል። ሰመራም ያው ናት። ከቢሯችን ጀርባ ስንተክላቸው ከሳቅሽብን ችግኞች ሦስቱ ጸድቀዋል፤ የቀሩትን ፍየል በላቸው።

እኔ ግን የተነሳሁት የአባዬን ነገር ልነግርሽ ነው።

አንቺ እያለሽ አባዬ የሚያወራን በአንቺ በኩል ነበር። «አባትሽ ሰላም ይልሻል» ትይኛለሽ፤ እሱ ከኋላሽ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማኛል፣ የስፌት መኪናውም ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ የእኔና የእሱ ወሬ ያ ነበር። ልጅም ሆኜ እንደዚሁ ነው። ጫማዬ ሲያልቅ ለአንቺ እነግራለሁ፣ አንቺ ለእሱ ትነግሪያለሽ፣ በማግስቱ ጫማው ይመጣል። አባቴ እንደሚወደኝ አንድ ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። ግን ሁለታችን ብቻችንን ተቀምጠን ያወራንበትን ቀን አስታውሺ ብትዪኝ አንድም አላገኝልሽም።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ ከአዋሽ አብሮን ሰመራ እንዲመጣ ለመንኩት። ጀማልም ለመነው። «ደንበኛ መጥቶ በሩን ዝግ ቢያገኘውስ?» አለን። ደንበኛ ግን አልነበረም፤ የስፌት መኪናውን በአረንጓዴው ሻሽሽ ሸፍኖት ነበርና ሽርጥ ሊያስጠልፍ የሚመጣውን ሁሉ «ክር የለኝም» እያለ ይመልሰው ነበር። ነጃት ያን ጊዜ አራት ዓመት ተኩል ናት። የለቅሶውን ሦስቱንም ቀን ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ተደበቀችበት። ጢሙን ፈርታ ይሁን ዝምታውን፣ እኔም አላወቅሁም።

ተመልሰን ሰመራ እንደገባን ጀማል ምስል የሚያሳይ ስልክ ገዝቶ ላከለት። አያትና የልጅ ልጅ ይተያያሉ ብለን ነው። አባዬ ስልኩን አንስቶ ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል፤ እኛ ጋ ስክሪኑን ሞልቶ የሚታየው ጆሮው ነው። «አባዬ፣ ፊት ለፊትህ አድርገው» ስለው ጣሪያውን ያሳየናል። ነጃት አንድ ቀን «እማ፣ አባባ ጆሮ ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ። ጀማል ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አንቺን የመሰለ ወሬኛ አያት የነበራት ልጅ ከአያቶቿ የቀራት አንድ ጆሮ ሆነ ብዬ።

ነገሩ ደግሞ እየባሰ ሄደ። ነጃት ካርቱን የምታየው በዚያው በእኔ ስልክ ነው። አባዬ ሲደውል ካርቱኑ ይቋረጣል። ለእሷ አያቷ ማለት ካርቱን የሚያቋርጥባት ሰው ሆነ። አንድ ቀን ሲደውል ቀዩን ተጫነችው። ደግሞ ደወለ፣ ደግማ ዘጋችው። በሦስተኛው እኔ ደርሼ አነሳሁት። «ልጅቷን አታስጨንቂያት» አለኝ፤ «እኔም የማወራት ነገር የለኝ።» በቁጣ ቢለው ይሻለኝ ነበር። እንደ እውነት አድርጎ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ መደወል ተወ። እኔ ስደውል «ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ» ብሎ ይዘጋል። ጎረቤታችሁ እትዬ መርየም ናቸው ደውለው የነገሩኝ። «ዘሃራ ልጄ፣ አባትሽ መስጊድ ሄዶ ይመለሳል እንጂ ሌላ አይወጣም። ምግብ ስልክለት ሳህኑ እንዳለ ይመለስልኛል። አንድ ነገር አድርጊ» አሉኝ። ምን ላድርግ? ከሰመራ አዋሽ ቀኑን የሚበላ መንገድ ነው፤ የዓመት ፈቃዴን ለለቅሶሽ ጨርሼዋለሁ።

ትምህርት ሊከፈት ሲል የነጃት ዩኒፎርም ተሰጠን፤ ስትለብሰው እጇ ውስጡ ጠፋ። ልብስ ሰፊ እዚህም ሞልቷል። ግን መኪናውን ሊያስገልጠው የሚችል የልጅ ልጁ ልብስ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። ሜትር ስላልነበረኝ በሲባጎ ለካኋት፦ አንዱን በእጇ ርዝመት፣ አንዱን በደረቷ ዙሪያ፣ አንዱን ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ቆረጥኩ። ከዩኒፎርሙ ጋር በፌስታል አድርጌ ለሃቢብ ሰጠሁት። ሃቢብን አታውቂውም፤ የገዋኔ ሰው ነው፣ ሚኒባስ ይነዳል፣ በየሳምንቱ አዋሽ ያድራል።

በሦስተኛው ቀን አባዬ ደወለ። ራሱ ደወለ እማዬ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። «ሦስቱስ ገብቶኛል» አለኝ፤ «አራተኛው የምኗ ነው?»

«አራተኛ አለ እንዴ?»

«አለ እንጂ። ለእጅ ያጥራል፣ ለአንገትም አይሆን። እንዲህ ያለ ልክ ሰው ላይ አላውቅም።»

ዞር ስል ነጃት ጠረጴዛው ሥር ገብታ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ለካ እኔ ስለካት እሷ ደግሞ የተረፈውን ሲባጎ ወስዳ የጎረቤታችንን የፋጡማን ፍየል ጆሮ ለክታ ፌስታሉ ውስጥ ጨምራዋለች። ልነግረው አፌን ስከፍት «አትንገሪው! ራሱ ይወቅ!» ብላ ጮኸች። አባዬ ሰማት። «እንደዚያ ነው? እሺ፤ አስቤበት እመልሳለሁ በያት» አለኝ።

ዩኒፎርሙ በሳምንቱ መጣ። ልኩ እንከን የለውም፣ ስፌቱ ግን የእጅ ነበር፤ መኪናውን አልነካም። ኪሱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ። ነጃት ቀድማ ገለጠችው፤ ነጭ ብናኝ ብቻ። አባዬ መልሱን በልብስ ጠመኔ ስሎት ኖሮ መንገድ ላይ ተራግፏል። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ያለቀሰችውን ለቅሶ ብታዪ፣ ለአንቺም እንደዚያ አላለቀሰችም። እኔ ደወልኩለትና «ጠመኔው ተራግፎ ነው» አልኩት። «አይ፣ እንዲያማ አይሆንም» አለ።

በቀጣዩ ሳምንት ሃቢብ መዳፍ የምታህል ነጭ ጨርቅ ይዞልን መጣ። ጨርቋ ላይ በጥቁር ክር የሕፃን እግር ተሰፍቷል፣ አምስት ጣት ያለው፣ አውራ ጣቱ ከመጠን በላይ የተለቀ። ነጃት «ተሳሳተ! ተሳሳተ!» እያለች ግቢውን ዞረች። እኔ ግን ሥዕሉን አይደለም ያየሁት። ስፌቱን ነው ያየሁት። በእጅ እንደዚያ እኩል እኩል አይመጣም። የመኪና ስፌት ነው። አረንጓዴውን ሻሽ አንስቶታል።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታቸው ይኸው ሆነ። አንዱ የሆነ ነገር ለክቶ ሲባጎ ይቆርጥና ይልካል፣ ሌላው የምን ልክ እንደሆነ ይገምታል። ነጃት ግምቷን በእርሳስ ትስላለች፣ አባዬ በክር ይሰፋል። ግምቱ ትክክል ካልሆነ ባዶ ጨርቅ ይመለሳል። በስልክ መጠያየቅ የለም፤ ይህን ያወጣችው ነጃት ናት። ከሰመራ ያልሄደ ነገር የለም። የባጃጅ መሪ፣ የውሃ ጀሪካን እጀታ፣ የጀማል ጫማ፣ የእኔ ሹሩባ ሄዷል። ከአዋሽ ደግሞ የጥላው እጀታ፣ የበሩ መቀርቀሪያ፣ የእትዬ መርየም ድመት ጅራት መጣ። ሃቢብም ገባበት። አንድ ቀን ሲያስረክበኝ «እኔ ገዋኔ ሻይ ስጠጣ አይቼዋለሁ፤ የአህያ ጆሮ ካልሆነ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል» አለ። ነጃት ተቆጥታው ከዚያ ወዲያ ፖስታውን በማስቲሽ እያሸገች ነው የምትሰጠው።

እኔም ላበላሸው ነበር። ነጃት ፖስታ ስትከፍት ያላትን ፊት አባዬ ቢያየው ብዬ በስልኬ መቅረጽ ጀመርኩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ልጅቷ ፖስታውን ሳይሆን ስልኩን ታይ ጀመር። «እንደገና ልክፈተው? አሁን በደንብ ልደንግጥ?» አለችኝ። አፈርኩ። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ስልክ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም እማዬ፤ እኔና አንቺን ስንት ዓመት አገናኝቶናል። ብቻ አንዲት ሕፃንና አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አውሩ ስትያቸው የሚያወሩት የላቸውም። የሚሠሩት ነገር ስትሰጫቸው ነው ወሬው የሚመጣው። እኔ ይህን ለማወቅ አንድ የፍየል ጆሮ አስፈልጎኛል።

በመሃል እትዬ መርየም ደወሉ። ድምፃቸው ተጨንቋል። «ልጄ፣ አባትሽን ጤና ነስቶት ይሆን? አሮጌው የባቡር ሐዲድ ላይ ተንበርክኮ በሲባጎ ሲለካ አየሁት። ትናንት ደግሞ ከብት ተራ ሄዶ የግመል አንገት ልለካ ብሎ ባለግመሉን ሲለምን ነበር አሉ!» ነገሩን ሳስረዳቸው «ሱብሃነላህ» ብለው ሳቃቸው አላቆም አለ። ግመሉ እሺ ብሎ ኖሯል፤ ባለግመሉ አንገቱን ይዞለት ለካ። ያን ሲባጎ ነጃት ሳሎን ዘርግታ ከጎኑ ተኛችና «ምን ዓይነት ነገር ነው ከእኔ የሚረዝም?» እያለች ስታስብ ዋለች። ገመተችው፤ ግመሉን ስላ ላከችለት።

ሁሉም ግን እንደዚህ አማረ እንዳትዪ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነጃት የሰለቻትና ምንም ያልላከችበት ጊዜ ነበር። አባባ ይጠብቃል እያልኩ ስጎተጉታት ጭራሽ ጠላችው። ጀማል ነው ተያት ያለኝ። ተውኳት፤ አባዬም ምንም ሳይለኝ ጠበቀ። አንድ ጠዋት ራሷ መቀስና ሲባጎ ይዛ የወለቀ ጥርሷን ስትለካ አገኘኋት።

ከዚያ በኋላ ከአዋሽ አንድ ረጅም ሲባጎ መጣ። ከግመሉም ይበልጥ ነበር። ነጃት አልጋውን ለካችበት፣ አጠረ። ፍሪጁን ለካችበት፣ ረዘመ። እኔን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ለካችኝ፤ ከእኔ በአራት ጣት ያህል ያንሳል። አንዴ መስኮት ስላ ላከች፣ ባዶ ጨርቅ መጣ። ሁለተኛ መሰላል፣ ባዶ። ሦስተኛ ፍየሏ በኋላ እግሯ ስትቆም፣ አሁንም ባዶ። እኔንም ጨነቀኝና ሕጉን ጥሼ ደወልኩለት። «ለአረፋ ስትመጡ እነግራታለሁ» አለኝ።

ለአረፋ ሄድን። ነጃት መንገዱን ሁሉ ሲባጎውን እጇ ላይ ጠምጥማ ነው የሄደችው። ሚኒባሱ ሳይቆም ዘላ ልትወርድ ስትል ጀማል ያዛት። አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ያ ከቀሚሴ ኋላ ተደብቃ ያየችው ሽማግሌ ነው፤ ሮጣ ሄዳ ሰላምታም ሳትሰጠው «በል ንገረኝ! ምንድን ነው?» አለችው። እጇን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባት። እኛም ተከተልን። የመኝታ ቤቱ መቃን ጋ ሲደርስ የሲባጎውን አንዱን ጫፍ በጫማው ረግጦ ሌላውን እስከ ላይ ዘረጋው፤ እዚያው ቦታ መቃኑ ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈና «እማማሽ እዚህ ድረስ ነበረች» አላት።

ነጃት ወደ ላይ ጣቱን አየች። ቀስ ብላ ሄዳ መቃኑን ተጠግታ ቆመችና «እኔስ የት ጋ ደረስኩባት?» አለችው። አባዬ ጎንበስ ብሎ እጁን ጭንቅላቷ ላይ አደረገ። «ከወገቧ ትንሽ ከፍ ብለሻል።» ልጅቷ ጉንጯን እንጨቱ ላይ አስደግፋ ለትንሽ ጊዜ ቆየች፤ ከዚያ ራበኝ አለች።

እኔ ነኝ ዝም ማለት ያቃተኝ። «አባዬ፣ መቼ ለካሃት?» አልኩት።

«ለካሁ እንዴ?» አለኝ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ሰፍቼላታለሁ። ሜትር ለእሷ አንስቼ አላውቅም።»

ምሳ ላይ ነጃት ስለ አንቺ ትጠይቅ ጀመር። ካረፍሽ ወዲህ ጠይቃ አታውቅም ነበር። «እማማ ትቆጣ ነበር?» አለች። እኔ ለሞተ ሰው ደግ ደጉን ማውራት ነው የለመድኩትና «ኧረ አትቆጣም ነበር» አልኳት። አባዬ ጉርሻውን አስቀምጦ «አትቆጣም?» አለ። ከዚያ አወራ እማዬ፤ አባዬ አወራ። አንድ ደንበኛ ሱሪውን «ጠበበ፣ ሰፋ» እያለ አራት ጊዜ ሲያመላልሰው አንቺ ከጓዳ ወጥተሽ ሱሪውን በመስኮት እንደወረወርሽው፣ ሱሪው በሚያልፍ ጭነት መኪና ላይ እንዳረፈ፣ መኪናው ወደ ጅቡቲ እንደሄደ፣ ሰውዬው በሽርጥ ወደ ቤቱ እንደተሸኘ። ነጃት እስኪያስላት ሳቀች። እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ይህን ታሪክ ያን ቀን ነው የሰማሁት። አንቺ ስላፈርሽበት አልነገርሽኝም፤ እሱ ደግሞ የሚነግረኝ በአንቺ በኩል ነበር።

ነጃት ከጎረቤት ልጆች ጋር ልትጫወት ስትወጣ፣ ጀማልም ጋደም ሲል፣ እኔና አባዬ በረንዳው ላይ ቀረን። ወሬ አጣን። አንቺ ብትኖሪ መሃሉን ትሞዪው ነበር። ብዙ ቆይቶ «ሥራው እንዴት ነው? ያ አለቃሽ ዛሬም ያስቸግርሻል?» አለኝ። የአለቃዬን ነገር ለአንቺ ብቻ ነበር የነገርኩሽ። ለካ ስንት ዓመት ስፌት እየሰፋ ሁሉንም ሲሰማ ኖሯል። አወራሁለት። ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ታገሺው፤ ግን ዝም አትበይው» አለኝ። አንቺ ብትሆኚ ግማሽ ሰዓት ትመክሪኝ ነበር። የእሱ አራት ቃል ናት፤ ይዤያት ተመለስኩ።

አሁን እሁድ እሁድ ይደውላል፤ በዚያ በድሮው ባለ ቁልፍ ስልኩ። «ለነጃት አይደለም፤ ከእሷ ጋ ጉዳያችን በሃቢብ በኩል ነው። ለአንቺ ነው» ይለኛል። እንደ አንቺ አይጣፍጥም፣ አልዋሽሽም። ዝም የምንልበት ይበዛል። ዓይኑ ደክሟል፤ መርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት እያቃተው እትዬ መርየምን ይጠራል። ሰመራ ና ስለው አሁንም እምቢ ነው። ግን ይበላል፣ ይወጣል፣ ደንበኞቹም ተመልሰዋል።

እንግዲህ ቃሌን ልስጥሽና ላብቃ፤ ጀማልና ነጃት መምጫቸው ደርሷል። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ዱዓ አደርግልሻለሁ፣ እሱን ሳትነግሪኝም አልተውም። ሌላው ቃሌ ግን ይህ ነው፤ መልአክ አላደርግሽም። እንደነበርሽ ነው የማስታውስሽ፤ ከቁጣሽ ጋር፣ ሰው ሳይጨርስ ከሚያቋርጠው አፍሽ ጋር፣ ለማኝ ባዶ እጁን ሸኝቶ ከማያውቀው እጅሽ ጋር። ነጃትም እንደዚያው ታውቅሻለች። ስለ አንቺ ስትጠይቀኝ የማውቀውን እነግራታለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እላትና አባባን ጠይቂው እላታለሁ። አብልጦ የሚያውቅሽ እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ይናገራል።

ልጅሽ ዘሃራ
ሰመራ